ሞት የተባልኩባቸው ዓመታት

ሰው እኔን አይቶ ሲሸሽ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ በሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ከቡታጅራ ወጣ ብሎ፣ መስቃን ውስጥ ባለ አንድ መንደር መግቢያ ላይ፣ በርበሬ ከተሰጣበት ሸራ አጠገብ አምስት ስድስት ልጆች ይጫወቱ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና ብትንትን አሉ። ከኋላዬ ጅብ የመጣ መስሎኝ ዞር ብዬ ሁሉ አይቻለሁ። ምንም የለም። ከመካከላቸው ትንሿ መሮጥ ስላልቻለች ቆማ ማልቀስ ጀመረች። ታላቅየዋ ተመልሳ በክንዷ እየጎተተቻት፣ «ነይ እንጂ፣ መለከል መውት መጣች» አለቻት።

መለከል መውት ሙስሊሞች ነፍስ የሚወስደውን መልአክ የሚጠሩበት ስም ነው። እኛ ክርስቲያኖቹ ቤት መልአከ ሞት ይባላል። እኔ ደግሞ የልብስ ሰፊ ልጅ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደርግ ወድቆ፣ ክልልና ዞን የሚሉት ቃላት ገና አፍ ላይ አልለመድ እያሉ ባሉበት ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረስኩ። ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። አንድ ዓመት ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ የገጠሩን ሰው ጤና ለሚያጠኑ ሰዎች መዝጋቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሥራው በየሦስት ወሩ ቁጥር የተለጠፈበትን በር ሁሉ እያንኳኳሁ አምስት ነገር መጠየቅ ነው፤ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ። ሞት ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነው፤ ያውም ሁለተኛው። ሰው ግን የሚያስታውሰው እሱን ብቻ ሆነ። ሰው በሞተበት ቤት ቶሎ አልጨርስም ነበራ። በምን ሞተ፣ ስንት ቀን ታመመ፣ ያስለው ነበር ወይ፣ ያተኩሰው ነበር ወይ እያልኩ እንባቸው ሳይደርቅ እጽፋለሁ። በዚያ ላይ ረጅምና ቀጭን ነኝ። ለፀሐይም ለዝናብም የምይዘው ጃንጥላ ጥቁር ነው፤ ደብተሩ የሚገባበት ቦርሳም ጥቁር ነው። ልጆቹ ምን ይፈረድባቸዋል?

ያን ቀን ግን እንዲህ አላሰብኩም። ቡታጅራ ስመለስ በቀጥታ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አባቴ ገበያው ፊት ለፊት ካለ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይሠራ ነበር። የሆነውን ስነግረው ስፒል በከንፈሩ ይዞ ስለነበር እስኪያወጣው ድረስ ሳቁን አፍኖ ቆየ።

«ሹመት ነው እንግዲህ» አለኝ። «ከእኛ ዘር ከቀበሌ ሊቀመንበር በላይ የደረሰ አልነበረም።»

እኔ አልሳቅኩም። ቁጡ ነኝ፤ ያኔ ደግሞ ይብስብኝ ነበር።

ለአባቴ፣ ሞት የሚያስፈራ ነገር አልነበረም፤ ደንበኛ ነበር። ያዛል፣ ይለካል፣ መቼ እንደሚመጣ ግን አይናገርም ይል ነበር። «እንደሱ ያለ ደንበኛ መች አጣሁ» ብሎ ባለቤቶቻቸው የቀሩባቸው ሱሪዎችና ኮቶች የተንጠለጠሉበትን ገመድ ያሳየኛል። በመጣ ጊዜ ሥራ ላይ ካገኘኝ ይበቃኛል ባይ ነው።

የእኔ ሞት ግን ሌላ ነበር። በልጅነቴ በምንሄድበት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አንድ ጥቁር መልአክ ተስሏል። ሰይፉን መዝዞ ከአንድ ሀብታም ራስጌ ቆሟል። ሀብታሙ አልጋው ላይ ሆኖ ዓይኑን አፍጥጧል። መልአኩ የሚያየው ግን ሀብታሙን ሳይሆን እኛን ነበር፤ የትም ብቆም ዓይኑ ከእኔ ላይ ነው። እናቴ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እሱ እንደወሰዳት አልተጠራጠርኩም። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ጀርባዬን ለሥዕሉ ሰጥቼ ነው የምቆመው። ሰዎች ምን ሆና ነው ይላሉ። አኩርፌው ነው። ያኮረፍኩት ሰው ስም ተመልሶ ለእኔ ሲሰጠኝ እንዴት እንዳመመኝ ለማንም አልተናገርኩም።

በዚያ መንደር ከማንም በፊት የወደድኳቸው አንድ ሽማግሌ ሼኽ ናቸው። ልጆች ቁርአን ያስቀራሉ፤ ቤታቸው የመንደሩ የመጀመሪያ ቁጥር ነው። «አሰላሙ አለይኩም» እላቸዋለሁ፤ «ወአለይኩም ሰላም፣ ነይ ግቢ» ይሉኛል። ቆጮ ከአይብ ጋር ሳልበላ አያስወጡኝም። አንድ ቀን የልጆቹን ነገር አንስቼ አማረርኩባቸው።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «መለከል መውት እንዳንቺ በየሦስት ወሩ የሚለፋ ይመስልሻል? ከዐርሹ፣ ከአላህ ዙፋን ሥር ዛፍ አለ። እያንዳንዱ ቅጠል ላይ የሰው ስም ተጽፏል። ቀኑ ሊደርስ አርባ ሲቀረው ቅጠሉ ይረግፋል። እሱ ያንን አንስቶ ያነባል እንጂ ከራሱ አንዳች አያውቅም። እሱም መልእክተኛ ነው።»

«ስለዚህ እሱም መዝጋቢ ነው» አልኳቸው።

ሳቁ። «እሱ አንባቢ ነው። ያንቺን ደብተር ግን አያነብም።»

ይህንን ነገር ለሁሉም ሰው ብናገር ደስ ባለኝ። በተለይ ለአንዲት ሴት።

ቤቷ ከመንደሩ ዳር፣ እንሰቱ ጥቅጥቅ ካለበት ጀርባ ነው። ከእኔ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ብትበልጥ ነው። ባሏ አዲስ አበባ ሱቅ ስለሚሠራ ለአረፋ ብቻ ይመጣል። ሥራ ከጀመርኩ ብዙም ሳይቆይ ወንድ ልጅ ወለደችና ጻፍኩት። በቀጣዩ ዙር ሞቶ አገኘሁት፤ እሱንም ጻፍኩ። ሁለተኛውን ጻፍኩት፤ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ሦስተኛዋ ሴት ነበረች። ስትወለድ ስሟን እየሳቀች ነበር የነገረችኝ፤ አሁን ይበቃል፣ ይቺ ትቆያለች ብለን ሁለታችንም አምነን ነበር። ስድስት ወር ቆየች። «በምን ሞተች?» ብዬ ስጠይቃት ሴትየዋ ፊቴን አላየችም። ያየችው እጄን ነበር፤ ብዕሩን። ያኔ አልገባኝም።

የገባኝ ከዓመት ከምናምን በኋላ ነው። እንደ ወትሮዬ ደርሼ፣ «ማን ተወለደ?» አልኩ።

«ማንም» አለች።

አጥሩ ላይ የተሰጣች የሕፃን ሹራብ ነበረች። ደረቷ ላይ ወተት ፈሶ ቀሚሷን አርሶታል። ከእንሰቱ ውስጥ ደግሞ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። ሁለታችንም ሰማነው። ተያየን።

«የጎረቤት ናት» አለች።

ጎረቤቷ ባሏ ከሞተባት ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ከደብተሬ አውቃለሁ። ለቅሶው ቀጠለ። እሷ አልተንቀሳቀሰችም። ብትሄድ አመነች ማለት ነው፤ ስለዚህ ልጇ እያለቀሰች እሷ ቆመች። ልቤ አልቻለም። ደብተሩን ከፍቼ በቤቷ ቁጥር ትይዩ «ለውጥ የለም» ብዬ ጻፍኩና ጃንጥላዬን አንስቼ ወጣሁ። ከአጥሩ ሳልርቅ ስትሮጥ ሰማኋት፤ ለቅሶውም ቆመ።

እንዲህ እያልን አራት ዙር አለፈ። አራቴ «ለውጥ የለም» ጻፍኩ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ፤ ደብተሩ ሳይሆን እኔ ነኝ የወሰንኩት ብዬ። ያላሰብኩት ነገር አንድ ነው። የክትባት ሰዎች ሲመጡ የሕፃናቱ ስም ከእኛ መዝገብ ተገልብጦ ነበር ለቀበሌው የሚሰጠው። ስሙ ያለበት ቤት ይጠራል። ስሙ የሌለበት አይጠራም። ለእናትየዋ ይህ ጥሩ ነው፤ ማንም አልጠራትም። ለእኔ ግን ሥራዬ ነበርና ማወቅ ነበረብኝ። ሰው አንድ ነገር ሲዘነጋ ሞት ይርሳኝ ይላል። እኔ ያንን ማለት አልችልም፤ አልረሳሁም፣ አላሰብኩም እንጂ።

በበጋው ኩፍኝ ገባ።

በዙሬ ስደርስ ልጆቹ አልሸሹኝም፤ መንገድ ላይ ልጅ የለምና። ሼኹ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የተከተቡት ብዙዎቹ ደህና ናቸው፤ የታመሙም በቀላሉ እየተነሱ ነው አሉኝ። ቀጥለው ወደ እንሰቱ አቅጣጫ በአገጫቸው አመለከቱኝና፣ «እዚያ ያለችው ግን ከብዷታል» አሉ። መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር ለካ። እኔ ብቻ ነኝ እንደማላውቅ የምቆጠረው። አራቱ «ለውጥ የለም» ተራ በተራ ዓይኔ ላይ መጡ።

ሼኹም አብረውኝ መጡ። ሴትየዋ አጥሩ በር ላይ ቆማ መንገዱን በሁለት እጇ ዘጋችው።

«አትገቢም» አለችኝ።

ያን ጊዜ ቁጣዬ መጣ። በስንት ዓመት የተጠራቀመ ቁጣ ነው። «እኔ ሞት አይደለሁም» አልኳት። «ሰው ነኝ። እናቴን በዘጠኝ ዓመቴ ወስዶብኛል። የሱ ዘመድ አድርጋችሁ የምትቆጥሩኝ ለምንድነው?»

«አንቺማ ሰው ነሽ» አለች ቀስ ብላ። «ደብተርሽ ነው እንጂ።»

ቦርሳውን ከነደብተሩ፣ ጃንጥላውንም ጨምሬ ለሼኹ ሰጠሁ። ብዕሬን ከደረቴ አውጥቼ እሱንም ሰጠኋቸው። ባዶ እጄን ዘርግቼ አሳየኋት። እጆቿን ከበሩ ላይ አወረደች።

ልጅቷ ዓመት ከሁለት ወሯ ነበር። አራት ዙር ለቅሶዋን ብቻ ሰምቼ ፊቷን ያን ቀን አየሁት። ሽፍታው ፊቷን ሞልቶታል፤ ዓይኗ ተጣብቋል። ከሁሉም የከፋው ትንፋሿ ነበር። በተነፈሰች ቁጥር ከጎድኗ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የሞቱ ሕፃናት ቤት እየገባሁ «ሲተነፍስ ደረቱ ይሰረጉድ ነበር ወይ?» ብዬ ስንቴ ጠይቄያለሁ። ያንን ጥያቄ በሕይወት ባለ ልጅ ላይ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። በሕይወት ስላለች ደግሞ መልሱ ገና ነው ማለት ነው። ይህ ሐሳብ እንደ ደስታ ያለ ነገር ውስጤ ለቀቀብኝ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«አሁኑኑ ቡታጅራ እንውሰዳት» አልኩ።

«እዚያም ይጽፋሉ» አለች። «ካርድ አለ። ስሟን ይጠይቃሉ።»

ሼኹ ከውጭ ሆነው የዛፉን ነገር ነገሯት። ቅጠሉን፣ አርባውን ቀን፣ መልአኩ የሰው ደብተር እንደማያነብ። አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸውና፣ «እውነት ነው ሼኹ» አለች። «እርስዎ ግን ልጆችዎ አሉ።»

ከዚያ ሴትየዋ ልጇን አንስታ አቀፈቻትና አንገቷ ሥር ሳመቻት። በአጠገቤ አልፋ ወጣች። ከአጥሩ ውጭ የቤት ጥራጊ የሚደፋበት ቦታ አለ። አንድ የእንሰት ቅጠል ቆርጣ እዚያ ላይ አነጠፈች። ልጅቷን ቅጠሉ ላይ አስተኛቻትና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰች። ጮክ ብላ፣ ለእኛ ሳይሆን ከእኛ በላይ ላለ ሰው የምትናገር መስላ፣ «እኔ ልጅ የለኝም። ይቺ የተጣለች ናት። ያገኘ ያንሳት» አለች።

ነገሩን አውቀዋለሁ። በእኛ ሰፈርም ልጅ እየሞተባት የተቸገረች ሴት አራስ ልጇን እንዲህ ጥላ ጎረቤት ሲያነሳላት አይቻለሁ። ሞት ሊወስድ ሲመጣ የዚያች እናት ልጅ የለም፤ ያለው የሌላ ሰው ልጅ ነው። የወለደችው ሞግዚት ትሆናለች፣ ያነሳችው ደግሞ ባለቤት። የምታነሳው ግን ልጆቿ የቆሙላት፣ ዕድሏ የጠና ሴት ናት። እኔ ባልም ልጅም የለኝም።

ሼኹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይሄ ነገር ሐራም ነው» አሉ። ጃንጥላዬን በብብታቸው፣ ቦርሳዬን በትከሻቸው እንደያዙ ፊታቸውን ወደ በርበሬ ማሳው አዞሩ። «እኔ ምንም አላየሁም» ብለው ጨመሩ።

«ለምን እኔ?» አልኳት ሴትየዋን።

«ሰው ሁሉ አንቺ እሱ ነሽ ይላል» አለችኝ። «ባትሆኚም ያውቅሻል። ስንት ዓመት በአንድ መንገድ ስትመላለሱ ኖራችኋል። ካንቺ ቤት ምን ብሎ ይወስዳል?»

ስንት ዓመት የጠላሁትን ስም አሁን ስጦታ አድርጋ ሰጠችኝ። እምቢ ማለት እችል ነበር። የተማርኩ ነኝ፤ ስለ ኩፍኝም ስለ ሳንባ ምችም አውቃለሁ። ግን ልጅቷ ጥራጊ ላይ ነበረች፤ ደረቷም ይሰረጉዳል። ጎንበስ ብዬ አነሳኋት። ነጠላዬን ፈትቼ ጀርባዬ ላይ አዘልኳት። ትኩሳቷ በልብሴ አልፎ ጀርባዬን አቃጠለኝ።

ጋሪ አግኝተን ዋናው መንገድ ወጣን፤ ከዚያ በሚኒባስ ቡታጅራ ገባን። ሴትየዋ ከኋላዬ ትከተለኛለች እንጂ ልጅቷን አልነካችም። ደንቡን እየጠበቀች ነው። ጤና ጣቢያ ካርድ የምታወጣዋ ልጅ በመስኮቱ ቀዳዳ፣ «ስም?» አለችኝ።

ዞር ብዬ እናትየዋን አየኋት። በዓይኗ ለመነችኝ። የልጇን ስም እንዳልጠይቃት ነው።

«ስሟ ማነው?» አለች ካርድ የምታወጣዋ ድጋሚ። ከኋላዬ ሰልፍ አለ።

የራሴን ስም ሰጠሁ።

ከመስጠቴ በፊት ግን ፈርቼ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። በሺህ የሚቆጠር ስም ጽፌያለሁ። የሕፃናቱን ሞት ጽፌ ወደ ቀጣዩ በር አልፌያለሁ፤ እናቶቹን ስለ ፍርሃታቸው በልቤ ንቄያቸዋለሁ። የራሴ ስም በሕመምተኛ ካርድ ላይ ሊሰፍር ሲል ግን ሰልፉን ትቼ ልወጣ ነበር። ያ የግድግዳው መልአክ ዓይን ከጀርባዬ እንዳለ ተሰማኝ። የዚያች ሴት ፍርሃት ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ በዚያች ቅጽበት ነው፤ እሷ ደግሞ ይህንን ሦስት ጊዜ አሳልፋለች። አፈርኩ። ስሜን ጮክ ብዬ ተናገርኩ። የአባት ስም ስባል የአባቴን፣ ዕድሜ ስባል ዓመት ከሁለት ወር አልኩ።

ሳንባ ምች ነው ብለው አስተኟት። በቀን አራቴ መርፌ ትወጋለች። ሁለት ቀን ምንም ለውጥ አልነበረም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህ ቃል አስጠላኝ። አልጋው አጠገብ እኔና እናትየዋ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ግማሹን በጉራጊኛ፣ ግማሹን በአማርኛ እናወራ ነበር። ስለ ሦስቱ ልጆች ነገረችኝ። ማን በየትኛው ጎኑ መገልበጥ እንደጀመረ፣ ማን ዝናብ ሲሰማ ይስቅ እንደነበር። የእኔ ደብተር ላይ ቦታ የሌለው ነገር ነው። ስንቱን ሳልጠይቅ ኖሬያለሁ።

አባቴ በሁለተኛው ቀን ምሳ በሳህን ቋጥሮ መጣ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ የካርዱንም ጭምር። ሳህኑን አስቀምጦ ልጅቷን ብዙ ጊዜ አያት።

«እንግዲያው በስተርጅና ሴት ልጅ ወለድኩ» አለ። ከዚያ ከአንገቱ የማይለየውን ሜትር አውርዶ ለካት። ከትከሻዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ፣ ደረቷን በዚያ ሁሉ ትንፋሽ መሃል፣ ክንዷን። እናትየዋ እጁን እጁን ታያለች። ልኩን አልጻፈውም፤ በቃሉ ያዘው። አባቴ ያን ጊዜ ደንበኛ የሚለውን ሰው አስቦ እንደሆነ አላውቅም። ቀድሞት ሊለካ የፈለገ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ከትርፍራፊ ጨርቅ የተሰፋ ቀሚስ ይዞ መጣ። ደረቱ ቀይ፣ እጀታው አበባ፣ ታችኛው ሰማያዊ ነው። ከፍ አድርጌ ስዘረጋው የሦስት ዓመት ልጅ ልክ ነው።

«ሰፍቷል እኮ» አልኩት።

«ታድግበታለች» አለ። የሕፃን ልብስ ሲሰፋ ለሁሉም የሚለው ነው። እናትየዋ ግን ቀሚሱን ከእጄ ወስዳ ፊቷን ቀበረችበትና አለቀሰች። በሦስቱም ጊዜ እንዳላለቀሰች፣ እንባዋ እንደጠፋ ከዚያ በፊት ነግራኝ ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ዓይኗን ከፍታ ውኃ ጠየቀች። በአምስተኛው ቀን ካርዱ ላይ «ተሽሏት ወጥታለች» ብለው ጻፉ። የእኔ ስም፣ ከሥሩም ተሽሏት ወጥታለች። ያ ካርድ ዛሬም ወልቂጤ ቤቴ ውስጥ ከትምህርት ማስረጃዬ ጋር ተቀምጧል።

ለአለቃዬ መናገር ነበረብኝ። ሰውየው ፈገግታ የማያውቅ፣ የተሰረዘ ቁጥር ሲያይ ራሱን የሚያመው ሰው ነበር። አራቱን «ለውጥ የለም» አሳየሁት። ያባርረኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። ደብተሩን ወደ እኔ መልሶ፣ «አስተካክለሽ ጻፊ» አለኝ። የተወለደች ብዬ አልጻፍኳትም፤ በደንቡ የተጣለች ናትና። «ማን መጣ» በሚለው አምድ ስሟን፣ የገዛ ስሟን፣ እናትየዋ ፈቅዳ የሰጠችኝን ስም ጻፍኩ። «ከየት መጣች» የሚለው ላይ «ከመዝጋቢዋ ቤት» አልኩ። አለቃዬ መነጽሩን አውልቆ አነበበው። «እንዲህ የሚባል መለያ ቁጥር የለንም» አለና ፈረመበት። ቀጥሎ ሁሉንም ቤት እንደገና እንድዞር አዘዘኝ፤ ሌላ የተደበቀ ልጅ እንዳለ ለማየት።

ስዞር ሴትየዋ አብራኝ መጣች። ማንም አልለመናትም። ልጅቷን አዝላ፣ ያ ሰፊ ቀሚስ ከአንቀልባው በታች ተንዠርጎ፣ ከእኔ ፊት ፊት ትሄዳለች። በየበሩ ስንደርስ እኔ ሳልጠይቅ እሷ፣ «ያልተጻፈ ልጅ ካለ አውጡ፣ ትጻፈው» ትላለች። አንዳንድ ቤት ከጓዳ፣ አንዳንድ ቤት ከእንሰት ውስጥ ልጅ ወጣ። ክትባቱም በሚቀጥለው ወር ደረሳቸው። የመንደሩ ልጆች መሸሻቸውን አላቆሙም፤ አሁን ግን እየሳቁ ነበር።

ልጅቷ በደንቡ የእኔ ሆና ቀረች። በየዙሩ ስሄድ እናትየዋ፣ «ልጅሽን እያሳደግኩልሽ ነው» ትለኛለች። በየዓመቱ አንድ ቀሚስ የማምጣት ግዴታ አለብኝ፤ የሚሰፋው አባቴ ነው። አንድም ዓመት ልኳን ሰፍቶላት አያውቅም። ሁልጊዜ ሰፊ፣ ሁልጊዜ ረጅም ነው።

አባቴ የሞተው ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት ነው። እኔ ያኔ ወልቂጤ ሥራ ይዤ ነበር። ጠዋት በረንዳው ላይ፣ መኪናው ፊት ተቀምጦ፣ እንደተመኘው ሥራ ላይ አገኘው። አዘንኩ፤ ግን እንደ ዘጠኝ ዓመቴ አላኮረፍኩም። ደንበኛው መጥቶ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ቃሉ የአባቴ ስለነበር አጽናናኝ።

ለቅሶ ላይ እናትየዋ ከልጅቷ ጋር ከመስቃን መጣች። አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘች፤ ብዕር የምይዝበትን እጅ። ልጅቷ እግሬ ሥር ተቀመጠች፤ ቀጭን፣ ረጅም ሆናለች፤ ሰው የእኔ ልጅ ብትመስለው አይደንቅም።

ለቅሶው ሲበተን ሦስታችን ወደ በረንዳው ሄድን። ገመዱ ላይ ያልተወሰዱት ሱሪዎችና ኮቶች እንዳሉ ናቸው። በመጨረሻ የሰፋው ከጫፉ ተንጠልጥሏል። የዚያ ዓመት የልጅቷ ቀሚስ ነበር። አውርጄ ሰጠኋት፤ በለበሰችው ላይ ደርባ ለበሰችው። ትከሻው ወርዶባታል፣ እጀታው ጣቶቿን ሸፍኗል። ስፌቱ አልቆ እንደሆነ ለማየት ጎንበስ ብዬ ጫፉን ገለበጥኩት። አልቋል። ወደ ውስጥ ደግሞ ስታድግ የሚለቀቅ፣ አራት ጣት የሚሆን ጨርቅ ታጥፎ ተሰፍቷል።